ጽሞናን ስለ መሻት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጄ፥ ንባብ የሚወድ፥ ጾምና ቅዳሴም የማያስታጉል ሰው፥ በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ጥድ ሥር ቆሞ ጠበቀኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «መምህር፥ ልቤ ደክሞብኛል። በጩኸት እነቃለሁ፥ በጩኸት እውላለሁ፥ በጩኸትም እተኛለሁ። ከራሴ ጋራ የተነጋገርሁበትን ቀን አላስታውሰውም። ጥቂት ሰሞን ዝም ብዬ የምቀመጥበት አንድ ገዳም ቢያመለክቱኝ ምን ይመስልዎታል?» እኔም ወዲያው የአንድ ገዳም ስም ነገርሁት፤ መንገዱንም፥ የሚይዘውንም ስንቅ አስረዳሁት። እርሱም አመስግኖኝ ሄደ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ራሴን ታዘብሁት። ሰውዬው የነገረኝ የነፍሱን ሕመም ነበር፤ እኔ የመለስሁለት ግን የአውቶቡስ መንገድ ነው። እንዲህም ቸኩዬ የመለስሁት በቀሚሴ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮኽ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ሊነገረው ይገባ የነበረውን ነገር ዛሬ በዚህ ዓምድ እጽፍለታለሁ፤ እንደ እርሱ ያሉ ብዙዎች እንደ ሆኑ ዐውቃለሁና።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እንዲህ ብሎ ቢያዝን ኀዘኑ እውነት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ በየአቅጣጫው የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሰዋል። ነግቶ ከቤቱ ሲወጣ የታክሲው ረዳት የሰፈሩን ስም እየደጋገመ ይጠራል። በየጎዳናው ሕንጻ ይሠራልና የሲሚንቶው መደባለቂያ ያጓራል፥ የብረቱ መቁረጫ ያፏጫል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ገብቼ ጥቂት ልረፍ ቢል፥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው በስልኩ ያለውን ዘፈን ወይም በስልኩ ያለውን ስብከት ለሁሉ ያሰማል። ስብከቱስ ይሁን የሚል ቢኖር፥ ሳይፈቅድ በሰው ጆሮ የሚፈስ ነገር ወተትም ቢሆን ውሃም ቢሆን ያው ማፍሰስ ነው እላለሁ። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባም ቴሌቪዥኑ ከእርሱ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል።

ስለ ስልክ ካነሣሁ ዘንድ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲነሣ ጠየቁ ተብሎ ይነገራል። የተማሩ ወጣቶች ይህን ታሪክ እየተረኩ በእኛ ይሥቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እሥቃለሁ። ስልክ ስንቱን ሕመምተኛ ከሞት ያተረፈ፥ ስንቱን ስደተኛ ከእናቱ ድምፅ ጋራ ያገናኘ ዕቃ ነውና ካህናቱ እንዲያ ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ዳሩ ግን አንድ ነገር ሳይጠረጥሩ አልቀሩም ይመስለኛል። ይኸውም ፊቱ የማይታየው ሰው ፊት ለፊት ከቆመው ሰው ይልቅ ቀድሞ እንዲሰማ የሚያደርግ ነገር መምጣቱን ነው። በጥዱ ሥር የቆመውን ወዳጄን ትቼ ኪሴን የሰማሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ቃል ሳይለይ ነገር አይለይምና አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ዝምታ፥ ጸጥታ፥ ጽሞና የሚባሉት ሦስቱ በሰው አፍ እንደ አንድ ሲነገሩ እንሰማለን፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ዝምታ የአፍ ነው። ጸጥታ የስፍራ ነው። ጽሞና ግን የልብ ነው። አፉን የዘጋ ሰው ልቡ የቅዳሜ ገበያ ሊሆን ይችላል፤ ቂመኛ ዝም ይላል፥ ሌባም እስኪያልፉለት ድረስ ዝም ይላል። ስፍራም ጸጥ ብሎ ሳለ በውስጡ ያለው ሰው ሲታወክ ሊያድር ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደግሞም በግእዛችን በጽሚት ማለት በስውር፥ ለብቻ ማለት ነው። ጽሙም ማለት ጆሮው የማይሰማ ነው። አጽምዖ ማለት ጆሮን ሰጥቶ ማዳመጥ ነው። ጽምእ ማለት የውሃ ጥም ነው። የእነዚህ ቃላት ሥር አንድ ነው አልልም፤ ዐይኑና አልፉ ይለያያቸዋልና የሰዋስው መምህራን ይቈጡኛል። የቅኔ ተማሪ ግን በድምፅ የሚጎራበቱ ቃላት ባገኘ ጊዜ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። እነሆ፥ መደንቈርና ማዳመጥ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ የደነቈረም ዝም ብሎ ይቀመጣል፥ የሚያዳምጥም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰሙ አንድ ነው፤ ወርቁ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጽሞናን እሻለሁ የሚል ሰው ከሁለቱ ማንኛውን እንደሚሻ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። የዚህ ጽሕፈት ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

እኔ ጽሞናን መጀመሪያ ያየሁት ጸጥ ባለ ስፍራ አይደለም። በጎጃም ቅኔ ለመማር በሄድሁበት ደብር ከቅኔው ቤት አጠገብ የንባብ ቤት ነበረ። የንባብ ቤትን የማያውቅ የከተማ ሰው በድንገት ቢደርስ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። አንዱ ሕፃን ፊደል ይቈጥራል፥ አንዱ መልእክት ይደግማል፥ አንዱ ዳዊት ያነባል፤ ሁሉም በየራሱ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ፥ ሁሉም ጉሮሮው እስኪነቃ ድረስ ነው። የንባቡ መምህር በእርጅና ዐይናቸው ፈዝዞ ነበርና በመደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ የተኙ ይመስላሉ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዱ ልጅ ተነሽውን ወድቆ፥ ወዳቂውን ተነሥቶ ያነበበ እንደ ሆነ፥ ራሳቸውን ሳያነሡ ያን ልጅ በስሙ ጠርተው ያርሙታል። ይህን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የጆሮ ስለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፥ በዚያ ደብር ከነበርነው ሁሉ ጽሞና የነበራቸው እርሳቸው ነበሩ። ልጆቹን ዝም አላሰኙም፤ ከልጆቹም አልሸሹም። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ይሰሙት ነበር።

የእኛ የቅኔ ተማሪዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪው ጧት ኮዳውንና አኰፋዳውን ይዞ፥ ውሻ እየጮኸበት ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ ቅኔ ቈጠራ ይሄዳል። ለጀማሪ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ያን ሁለት ቤት ለማግኘት ግን ቀኑ ሙሉ አይበቃም። እኔ ጥፋቱ የድምፅ ነው ብዬ ነበር። ደበሎዬን ለብሼ ከጎጆዎቹ ራቅሁ፤ በዚያም እረኛ ያፏጫል። ከእረኛው ራቅሁ፤ በዚያም ወንዝ አለ። በመጨረሻ ወፍ ስንኳ ከማይጮኽበት ገደል ሥር አንድ ዋሻ አግኝቼ ተቀመጥሁ። በዚያ ዋሻ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ የሆዴን ረኃብና በባልንጀራዬ ቅኔ ላይ የነበረኝን ቅናት ነው። በውጭ ያሉት ድምፆች ሁሉ ሲያልቁ እነዚህ ሁለቱ እንደ ልባቸው ይጮኹ ጀመር።

ማታ ቅኔያችንን ለመምህራችን ስንነግር ተራዬ ደረሰና ምንም እንዳልሆነልኝ ተናገርሁ። መምህሩም «ዛሬ ምን ሰማህ?» አሉኝ። እኔም ምንም ድምፅ የሌለበት ስፍራ አግኝቼ እንደ ዋልሁ በኩራት ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ምኑን ልትቈጥር ነው?» ብለው ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ጓደኞቼ ሣቁብኝ። እኔም ተቈጣሁ፤ ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ቅኔ ከሰሙት፥ ካዩት፥ ካነበቡት ነገር ይወጣል እንጂ ከባዶ ጆሮ አይወጣም። የመነኵሴ ጸሎትም፥ የዳኛ ፍርድም፥ የአባት ምክርም እንደዚሁ ይመስለኛል።

ይህን በማለቴ ጸጥ ያለ ስፍራ ለምንም አይረባም የምል እንዳይመስላችሁ። የሚቃወመኝ ትልቅ ምስክር እንዳለ ዐውቃለሁ፤ እርሱም አባ አርሳንዮስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በቍስጥንጥንያ በንጉሡ በቴዎዶስዮስ ቤት ሳለ የንጉሡን ልጆች አርቃድዮስንና አኖሬዎስን ያስተማረ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ሁሉ ክብር ሸሽቶ ወደ ግብፅ ወረደና በአስቄጥስ በረሓ መነኰሰ። ስለ እርሱ ከሚተረከው አንዱ ይህ ነው፤ ነፋስ ሸንበቆ የሚያወዛውዝበት ስፍራ ደርሶ ድምፁን በሰማ ጊዜ፥ ከመነኰሳቱ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ሸንበቆ መሆኑንም ሲነግሩት፥ በጽሞና የተቀመጠ ሰው የወፍ ድምፅ ቢሰማ ስንኳ ልቡ እንደ ቀድሞው እንደማይሆን፥ እነርሱማ በሸንበቆው ሁካታ መካከል እንዴት እንደሚሆንላቸው ገሠጻቸው። እንግዲህ ለእርሱ ሸንበቆ ከበዛበት፥ ለእኛ የብረት መቁረጫ ምን ሊባል ነው?

ለዚህ የምመልሰው ጥቂት ነው። አርሳንዮስ የሚሸሸው ከምን እንደ ነበረ እንይ። የሸሸው ከቤተ መንግሥት ነው፤ ሰው ሁሉ ለጥቅሙ ከሚናገርበት፥ ማንም ማንንም ከማይሰማበት ቤት ነው። የእርሱ ጆሮ የታመመ ነበርና ሕመምተኛ ለብቻው እንደሚተኛ ለብቻው ተኛ። መድኃኒቱ ለእርሱ ትክክል ነበረ። ነገር ግን የአንድ ሰው መድኃኒት ለሁሉ ሲታደል ያስፈራል፤ ይልቁንም ልጅ ላለው፥ ሠራተኛ ላለው፥ ደቀ መዝሙር ላለው ሰው።

ከአርሳንዮስም በላይ የጌታችንን ሥራ እንመልከት። ወንጌላዊው ማርቆስ በስድስተኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው፥ ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ከመሆኑ የተነሣ እንጀራ ለመብላት ስንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታችንም ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸውና በታንኳ ሄዱ። እንግዲህ ዕረፍትን፥ ጽሞናን የፈቀደው ጌታ ራሱ ነው። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው፤ ከታንኳው ሲወጣ ምድረ በዳው ገበያ ሆኖ ጠበቀው። በዚህ ጊዜ ጌታችን አልተቈጣም፥ ታንኳውንም አልመለሰም፤ አዘነላቸው እንጂ። አስተማራቸው፥ አበላቸው። አበቃን? አላበቃም። ካሰናበታቸው በኋላ ሊጸልይ ወደ ተራራ ለብቻው ወጣ። ጽሞናው ቆየ እንጂ አልቀረም። መምህራኖቻችን ይህን ሲተረጕሙ አንዱን ከአንዱ አይነጥሉም፤ እኛ ግን አንዳችን ተራራውን ብቻ፥ አንዳችን ሕዝቡን ብቻ እንይዛለን።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ጸጥታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በትግራይ ያለውን ደብረ ዳሞን የሚያውቁ ያውቁታል፤ አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ገዳም ነው፥ ወደ ላይም የሚወጣው በገመድ ነው፤ ገደሉ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ይሆናል። ያ ገመድ መነኰሳቱን ከዓለም የለየ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያው ገመድ እህሉን የሚያወጣ ገመድ ነው። ከታች በሬ እየጮኸበት ያረሰ፥ ያበራየ ሰው አለ። መነኰሳቱ ይህን ስለሚያውቁ ስለ እርሱ ይጸልያሉ፤ ክብራቸው በዚህ ነው። በከተማችን ግን ግንቡን ከፍ አድርጎ፥ መስኮቱን በወፍራም መስተዋት ዘግቶ፥ በውስጡ በጽሞና የሚቀመጥ ባለጠጋ፥ ሕፃኑን ዝም ለማሰኘት በጓዳ የምትንገላታውን ሠራተኛ ያስባት ይሆን?

አሁን ደግሞ ለእኛ ለካህናቱ አንድ ቃል ልናገር፤ ይህን ዓምድ የሚያነቡ ወንድሞቼ አይቀየሙኝ። ስለ ከተማው ጩኸት ስንናገር ከእኛ ቅጥር የሚወጣውን ሳንቈጥር መቅረታችን ደግ አይደለም። የሌሎችን ሃይማኖት ቤቶች ነገር ለራሳቸው እተዋለሁ። በእኛ ዘንድ ግን በበዓል ዋዜማ ድምፅ ማጉያው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰማ፥ ከቅጥሩ ጎን አራስ እንደ ተኛች፥ ሕመምተኛ እንደሚያጣጥር፥ ነገ ማለዳ በባለ ከባድ መኪና የሚሄድ ሾፌር እንዳለ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን ሳነሣ «የእግዚአብሔር ምስጋና ይረብሻል ትላለህን?» ያለኝ አለ። ምስጋናውስ አይረብሽም። የማኅሌታችን ሥርዓት ግን ከማጉያው ጋራ አይስማማም እላለሁ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ያደርሳሉ፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘማል፤ ከበሮው የሚገባው ኋላ ነው፥ እርሱም ቀስ ብሎ ጀምሮ ከፍ ይላል። ከዜማችን ምልክቶችም አንዱ ቍርጥ ይባላል፤ በዚያ ድምፅ ይቋረጣል። የቀደሙት ሰዎች ዝምታን በዜማው ውስጥ ስፍራ ሰጥተው ምልክት ጽፈውለታል። ደግሞም ከበሮን የሚመታው የሰው እጅ ነውና ይደክማል፤ ማጉያው ግን አይደክምም። በውስጥ ላለው ምእመን ይሰማ፤ እስከዚህ አልቃወምም። ወደ ውጭ የዞረውን ግን ቢመልሱት ምንም የሚጎድል የለም፤ ምናልባት ያቺ አራስ ስትድን በእግሯ ትመጣለች።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። በዳዊት በ45ኛው መዝሙር የአሕዛብ ሁከትና የባሕር ጩኸት ከተነገረ በኋላ እግዚአብሔርን ለማወቅ የታዘዘ አንድ ቃል አለ። በግእዙ አስተርክቡ ይላል። በአማርኛው ዕረፉ ተብሎ ተተርጕሟል፤ መልካም ነው፥ ነገር ግን የግእዙን ጣዕም ሁሉ አልያዘም። አስተርክቡ ማለት ጊዜ አግኙ፥ ጊዜ ስጡ፥ ፋታ ይኑራችሁ ማለት ነው፤ ዘሩም ረከበ ከሚለው፥ አገኘ ከምንለው ነው። ግእዙ የተመለሰበት የጽርዕ መጽሐፍም በዚህ ስፍራ ያለው ቃል ስኮሌ ከሚባለው የወጣ ነው። ስኮሌ ማለት በጥንት ከሥራ የተረፈ ፋታ ማለት ነበር፤ ኋላ ሰው ፋታ አግኝቶ የሚማርበት ስፍራ በዚሁ ስም ተጠራ፤ ዛሬ ፈረንጆች ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ቃል ከዚህ የመጣ ነው። እንግዲህ መዝሙሩ ጸጥ ያለ ስፍራ ፈልጉ አላለም። ጊዜ ስጡ ነው ያለው።

ይህ ለከተማ ሰው ትልቅ ምሥራች ነው። ስፍራ ሊያገኝ አይችል ይሆናል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፥ ልጆቹ ብዙ ናቸው፥ ጎረቤቱ መጋዝ አለው። ጊዜ ግን፥ ጥቂትም ቢሆን፥ ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን በሰባት ጊዜ ከፍላ የሰጠችን ስለዚህ ነው፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ስድስት፥ ተስዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱን ሁሉ ያዝ ብዬ ወዳጄን አላስጨንቀውም፤ መነኵሴ አይደለምና። ተስዓት ሰዓት ሲሆን፥ በመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ፥ እጁን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ፥ ስልኩን በመሳቢያ ከትቶ፥ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደርስበትን ያህል ቢቀመጥ ማንም አይከሰውም። ከዚያም የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ጠርቶ፥ ፊቱን አይቶ፥ ነገሩን እስከ ፍጻሜው ቢሰማው፥ ያ የጀመረው ጽሞና አልተቋረጠም እላለሁ። ወረቀቱን እያገላበጠ በግማሽ ጆሮ ከሰማው ግን ወደ ገዳሙ ቢሄድም ይህንኑ ግማሽ ጆሮ ይዞ ይሄዳል። ወደ ገዳሙ አይሂድ ማለቴ አይደለም፤ ይሂድ፥ ስሙንም መንገዱንም ነግሬዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው እንዳይመስላችሁ፥ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገርና ላብቃ። በ2009 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ገብቼ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለችው ጎጆዬ በሯን ቀርቅሬ፥ ስልኬን ዘግቼ፥ ከማንም ጋራ ላልነጋገር ወስኜ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ በሩ ተንኳኳ። «የኔታ! የኔታ!» ይላል። ድምፁን ዐወቅሁት፤ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ፥ እስከ መወድስ የደረሰ፥ ኋላም ለእናቱ ሊሠራ ብሎ ትምህርቱን የተወ ልጅ ነበረ። ዳዊቴን ይዤ ዝም አልሁ። ነገ ይመለሳል፥ ሱባኤዬም በከንቱ ወሬ አይፈርስም አልሁ በልቤ። እርሱም ጥቂት ቆየ፤ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፥ ሲያስል ሰማሁት። ደግሞ አንድ ጊዜ «የኔታ» አለ፤ እንደ መጀመሪያው አልጮኸም። ከዚያ ኮቴው እየራቀ ሄደ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ፈተና ድል የነሣሁ መስሎኝ ነበር፤ ጸሎቴም ያን ሌሊት እንደ ማር ጣፈጠኝ። ይህን ጣፋጭነት እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

ሱባኤውን ፈጽሜ ስወጣ የሆነውን ሰማሁ። ደላላ አግኝቶት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፥ ከዚያም ወደ ሊቢያ እንዲሄድ ገንዘብ ተነጋግረው ነበር። ልቡ ስላመነታ ለእናቱ «የኔታን ልጠይቅና የሚሉኝን አደርጋለሁ» ብሎ ወጣ። ከእኔ ደጅ ሲመለስ ምንም አልተናገረም፤ በሁለተኛው ቀን ሄደ። ከካርቱም አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ የለም።

በሩን ብከፍትለት ይቀር ነበር ብዬ አልናገርም። ድኅነት ከባድ ነው፥ የወጣት ልብም ጽኑ ነው፤ ምክሬን ሰምቶ አመስግኖ ይሄድ ይሆናል። የተጠየቅሁት ግን ይሄዳል ወይስ አይሄድም ተብሎ አይደለም፤ ይሰማል ወይስ አይሰማም ተብሎ ነበረ። የደነቈረውና የሚያዳምጠው ከውጭ አንድ ይመስላሉ ብዬ ከላይ የጻፍሁትን የተማርሁት ከሰዋስው አይደለም፤ በዚያ ማታ በበሩ ማዶ ለተቀመጠው ልጅ የእኔ ዝምታ የትኛው እንደ ነበረ ዐውቃለሁ።

በዚያ ዓመት የፍልሰታ ዕለት፥ ነሐሴ 16 ቀን፥ እናቱ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣችና ምን ብዬ እንደ መከርሁት ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም «ጸሎት ላይ ነበሩ፥ የኔታ፤ ምን ያድርጉ» አለችኝ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፍልሰታ ሱባኤ እገባለሁ፤ በሩን ግን አልቀረቅረውም። ብዙ ሰው ይገባል፤ አንዳንዱ የጠፋ ቁልፍ ይፈልጋል፥ አንዳንዱ ሊያማኝ የመጣ ጎረቤት ከስሶ ይሄዳል፥ አንዳንዱ ተቀምጦ ያለቅሳል። ዳዊቴ ብዙ ጊዜ ከመካከል ይቋረጣል፤ ከተቋረጠበት እቀጥላለሁ። በ16ኛውም ቀን ያቺ እናት ዳቦዋን ይዛ ትመጣለች። ስደተኞች ከተለያየ ስፍራ ስለሚጽፉልኝና ስለሚደውሉልኝ፥ ዳቦውን ከቈረስሁ በኋላ ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

«የኔታ፥ የልጄን ድምፅ ሰሙ ወይ?»

«አልሰማሁም፥ እኅቴ፤ አልሰማሁም» እላታለሁ።